ሃያ ሰባተኛው ሲዲ

በ1999 ዓ.ም. ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት መርካቶ ውስጥ ጆንያ ስሸከም ኖሬ፣ ወገቤ እምቢ ሲል የነጋዴዎቹ ማኅበር ለጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ አድርጎ ቀጠረኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ስሜን እጽፋለሁ፣ ቁጥር አነባለሁ፣ የቀረውን ጣቴን እያስከተልኩ እገጣጥማለሁ። ይሄንንም የምጽፈው እንደዚያው ነው፤ አንድ ገጽ አንድ ሳምንት ይፈጅብኛል። የሠራሁት ሥራ ደግ አይደለም። አሳምሬ የምጽፍበት ችሎታ የለኝም፤ ቢኖረኝም አላሳምረውም።

ማኅበሩ የጌሾ፣ የቅመምና የሰፌድ ነጋዴዎች ማኅበር ነው። በተራችን መደብ ያለው ሰው ሁሉ ስሙ መዝገቡ ላይ አለ። መዝገቡ ላይ ስሙ የሌለ ሰው መደብ የለውም፤ ሃያ ዓመት ቢቀመጥበትም የለውም። ድሮ መዝገቡ ሁለት ሰው የሚያነሳው ጥቁር ደብተር ነበር። በኋላ ኮምፒውተር መጣና ደብተሩ እዚያ ውስጥ ገባ። ባለሙያዋ «ዳታቤዝ» ስትለው እኛም ዳታቤዝ አልነው። ደብተሩን አይጥ በላው።

ባለሙያዋ ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ መነጽር የምታደርግ፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። መስከረም መጀመሪያ ላይ የመዝገቡን ሙሉ ቅጂ በሲዲ አደረገች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን ለውጥ ብቻ በሌላ ሲዲ ትቀዳለች። ማን ሞተ፣ ማን ወረሰ፣ ማን መደብ ተለዋወጠ፣ የተደረገውን ሁሉ ማሽኑ ራሱ በተደረገበት ቅደም ተከተል ይጽፋል አለችኝ። እሷ «ሎግ» ትለዋለች። እኔ የውሎ መዝገብ አልኩት። ሲዲዎቹ ከማሽኑ ጋር አንድ ቤት ማደር የለባቸውም፤ ቤቱ ቢቃጠል አብረው ይቃጠላሉ። ስለዚህ በቆርቆሮ ሳጥን ተቆልፈው እኔ ቤት፣ ከመሳለሚያ ጀርባ፣ አልጋዬ ሥር ያድራሉ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። የእናቴ መስቀል ከጠፋብኝ ወዲህ አንገቴ ላይ ሌላ ነገር አስሬ አላውቅም።

አንድ ቀን ባለሙያዋ ለሊቀመንበሩ፣ «በየወሩ አዲስ ሙሉ ቅጂ ብናደርግ ጥሩ ነው፤ ሎጉ ሲበዛ አደጋ አለው» አለችው።

«አንድ ሰው ስንት ጊዜ ክርስትና ይነሳል?» አላት። «መስከረም ላይ ተነሥቷል። በቃ።»

ኮሚቴው ሳቀ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ሳቅኩ።

ባለሙያዋ በየሲዲው ወረቀት ላይ ቁጥሩን ትጽፋለች። እኔ ደግሞ የራሴ ምልክት ነበረኝ። በዚያ ሳምንት ተራው ውስጥ የሆነውን በእርሳስ እስላለሁ፤ ሰው የሞተ እንደሆነ መስቀል ወይም ጨረቃ፣ ዝናብ ያበላሸው እንደሆነ ጃንጥላ። ሳጥኑን ስከፍት ዓመቱን እንደ መጽሐፍ የማነበው እኔ ነኝ። ሃያ ሰባተኛው ላይ ውሻ አለ። ሠላሳ ስድስተኛው ላይ ወንፊት አለ። ነገሩ ሁሉ ያለው በእነዚህ ሁለቱ ላይ ነው።

የውሻው እንዲህ ነው። በተራችን ጌሾ የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። የእኔም ሚስት ቀደም ብላ ሞታለች። ሴትዮዋ ጠንካራ ናት፤ ከማንም ጋር አትሞዳሞድም፤ ሚዛኗ አያጭበረብርም። ጥር ላይ ሁለት ሽማግሌ ላክሁባት። ቤቷ እንኳን አላስገባቻቸውም። መደቧ ላይ እንደተቀመጠች፣ ጌሾውን እያገላበጠች፣ ተራው ሁሉ እየሰማ፣ «ለደጄ ዘበኛ ካስፈለገኝ ውሻ አሳድጋለሁ። ውሻ ቢያንስ ሲጮህ ያስፈራል» አለቻቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልፍ ተሸካሚዎቹ ይጮኹብኛል። ጆንያ ተሸክመው፣ አንገታቸው ጎብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው እንኳን «ው! ው!» ይላሉ። አብሬያቸው የተሸከምኩ ሰዎች ናቸው። እሷም የምሯን ነው፤ ቀይ ቡችላ አምጥታ አሳደገች።

መጋቢት ላይ፣ ማክሰኞ ቀን፣ የባሏን መደብ በስሟ ልታዞር ጽሕፈት ቤት መጣች። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ባለሙያዋ የሟቹን ስም አንሥታ የእሷን አስገባች። ስትወጣ ፊቴን ሳታይ «በሩን በደንብ ዝጋው፤ ብርድ ይገባል» አለችኝ። የዚያ ሳምንት ሲዲ ቅዳሜ ሲሰጠኝ ውሻ ሳልኩበት። ሁለት ጆሮና ጅራት።

የወንፊቱ ደግሞ የልጄ ነው። አንድ ልጅ ነው ያለኝ፤ እሷም ሴት ናት፤ ባሏ ትቷት ሄዷል። ከጌሾዋ ሴት መደብ ቀጥሎ ሰፌድና ወንፊት የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም ግንቦት ላይ መደቡን ለልጄ አዛወሩላትና አገራቸው ገቡ። በወሩ ሞቱ። ባለሙያዋ ያን ጊዜ ልጄን «ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳትወስጂ እንዳትሄጂ» ብላት ነበር። ማኅተሙን የሚይዘው ጸሐፊ አልነበረም፤ ነገ ተመለሺ ተባለች። እኔ ነኝ ያስቀረኋት። «ደረሰኝ ምን ያደርግልሻል? መዝገቡ ማሽን ውስጥ ነው፤ ሲዲው አልጋዬ ሥር ነው፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው» አልኳት። ያን ቃል አሁንም እሰማዋለሁ።

ሰኔ ገባ። ተራው ሊፈርስ ነው፣ ፎቅ ሊሠራበት ነው ተባለ። ሰኞ ዝርዝሩ ለክፍለ ከተማው ይገባል፤ ስሙ ያለበት ጊዜያዊ ቦታ ይሰጠዋል፣ ፎቁ ሲያልቅም ይገባል፤ ስሙ የሌለበት ሜዳ ላይ ይቀራል። ከሰኞው በፊት ባለው ዓርብ መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ መጣ። በሦስተኛው ከማሽኑ ውስጥ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ያለ ሽታ ወጣ።

ባለሙያዋ መጥታ ከፈተችው፣ አየችው፣ ዘጋችው። «ሃርድ ዲስኩ ሞቷል» አለች። ደጁ በሰው ሞላ። የጌሾዋ ሴትም ነጠላዋን ጨብጣ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ባለሙያዋ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «አትደንግጡ። የመስከረሙ ቅጂ አለ። አርባውም ሎግ ጋሼ ቤት አለ። ሌላ ዲስክ ገጥሜ ነገ ጠዋት ቅጂውን እመልሳለሁ፣ ከዚያ ሎጎቹን በተራቸው አስገብቼ እስካለፈው ቅዳሜ ያለውን ሁሉ አመጣዋለሁ» አለች።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እንደዚያ ታይቼ አላውቅም። ያ ሁሉ ባለመደብ፣ ያ ሁሉ ባለ ሱቅ፣ ዓይኑ ደረቴ ላይ፣ ቁልፉ ላይ ነው። ሴትዮዋም አየችኝ። ዓርብ ማታ እንቅልፌ ጥሩ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሳጥኑን ከፈትኩ። ሲዲዎቹን ቆጠርኩ። ውሻውን ሳገኝ እጄ ቆመ። ረጅም ሐሳብ አላሰብኩም፤ ያሰብኩ ብል ውሸት ነው። ያች አንዷ ብትቀር የምትጎዳው እሷ ብቻ ናት ብዬ ነው። ለእኔ ሲዲ ማለት እንደ ደረሰኝ ነው፤ የአንዱ ደረሰኝ ቢጠፋ የሌላው ምን ይሆናል? ሲዲውን ከወረቀቱ አወጣሁ። ውሻው እንዳይታይ ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት። ሳጥኑን ተሸክሜ ስወጣ ሰፈራችንን እየዞረ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስበው ቁራሌ ከረጢቱን አዝሎ እየጮኸ ያልፋል። ሲዲውን ከረጢቱ ውስጥ ጣልኩለት።

«ይሄ ምን ይሆነኛል አባባ?»

«ፊትህን እይበት» አልኩት።

ጽሕፈት ቤት ስደርስ ኮሚቴው ተሰብስቧል። ባለሙያዋ የመስከረሙን ቅጂ አስገባች። ረጅም ጊዜ ፈጀ። ከዚያ አንድ አለች፣ ሁለት አለች፣ ሦስት አለች። እያንዳንዱ ሲገባ መስኮቱ ላይ ያሉት ሰዎች ወደ ኋላ ላሉት ይነግራሉ፤ ድምፁ እስከ ተራው ጫፍ ይሄዳል። የሞቱት በተራቸው ይሞታሉ፤ የወረሱት ይወርሳሉ። ሃያ ስድስት ስትደርስ እጇን ዘረጋች፣ ወረቀቱን አየች፣ ቀጣዩን አየች፣ እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠረች።

«ሃያ ሰባት የለም።»

«አንድ ቢጎድል ምን አለበት?» አልኩ። «ሃያ ስምንትን አስገቢና ቀጥዪ።»

«አይሆንም ጋሼ።»

«ሞክሪዋ።»

አስገባችው። ማሽኑ ቀይ ነገር ጻፈ። «አዩት?» አለችኝ። «እርስዎ ተሸካሚ ነበሩ አይደል? ጆንያ ሲከምሩ ሃያ ሰባተኛውን ሳያኖሩ ሃያ ስምንተኛውን ምን ላይ ያኖሩታል? አየር ላይ?»

የሰማሁትን ሰማሁ እንጂ አልገባኝም። ሊቀመንበሩ ግን ተነሣ። «ማን ምን ሰጠሽ?» አላት። «ሃያ ሰባተኛው ማን ኪስ ውስጥ ነው?»

«ለጋሼ በእጃቸው ነው የሰጠሁት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ የተሰጠኝን አመጣሁ» አልኩ። «ያልተሰጠኝን ከየት ላምጣ? ያንን ቀን ሰጥቼዋለሁ ብለሽ ማይ።»

አልማለችም። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገችውና መልሳ አደረገችው። የእሷ ዝምታ የእኔን ውሸት እውነት አደረገው።

የጌሾዋ ሴት ወሬው ደርሷት ገባች። ባለሙያዋን ሳይሆን እኔን ነው የያዘችው፤ ካፖርቴን። «ጋሼ» አለችኝ። በዚያ ተራ ስንኖር ጋሼ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። «ጋሼ፣ እባክዎ ሳጥኑን እንደገና ይዩልኝ። አልጋው ሥር ይዩልኝ። ሌላ የለኝም። ሰኞ ስሜ ከሌለ አልቆልኛል።»

«ደረሰኝ የለሽም?»

«ቤቱ ባፈሰሰ ጊዜ በሰበሰ።»

«እንግዲያው ባልሽን ይዘሽ ነይ» አልኳት። «መዝገቡ ላይ ያለው አሁን እሱ ነው። ከመቃብር ተነሥቶ ይፈርምልሽ።»

አንድ ተሸካሚ ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም። ካፖርቴን ለቀቀችኝ።

ባለሙያዋ እስከ ሃያ ስድስት የገባውን ዝርዝር አትማ በሩ ላይ ለጠፈች። ሰው እየተጋፋ ስሙን ይፈልግ ጀመር። ያን ጊዜ ልጄ መጣች። ከላይ እስከ ታች አየች። እንደገና አየች። ቀስ ብላ ወደ እኔ መጣችና ሌላ ሰው እንዳይሰማ ጆሮዬ ጋ፣ «አባዬ፣ እኔስ የታለሁ?» አለችኝ።

የገባኝ ያኔ ነው። ወንፊቱ ሠላሳ ስድስት ነው። ሠላሳ ስድስት አየር ላይ ነው።

ቁራሌዎች የለቀሙትን እስከሚሸጡበት እስከ ምን አለሽ ተራ አልሮጥኩም፤ መሮጥ አልችልም፤ ግን መኪና አላየሁም፣ ሰው አላየሁም። ቁራሌው የያዘውን ሁሉ ሸጦ ምድጃ ከሚሠራ አንድ ብረት ቀጥቃጭ ደጅ ተቀምጧል። ሲዲዬ በቀጥቃጩ የብረት ጠረጴዛ ላይ ናት። ብሎን የሞላ ጣሳ አስቀምጠውባታል፤ በደበደቡ ቁጥር ጣሳው ይንሸራተታል፣ ሲዲዋም ከሥሩ ትፋጫለች።

«ያቺን መልስልኝ» አልኩት ቁራሌውን።

«ፋዘር! ጠዋት የጣልከውን ከሰዓት ትፈልጋለህ? አሁን የእሱ ናት፤ ብሎን ማስቀመጫ አድርጓታል።» ዓይኑን ጨፈነ፣ ከፈተ። «ቆይ፣ አንተ ያ የውሻው ሰውዬ አይደለህ? የጌሾዋ ሴትዮ የተናገረችብህ?»

መዶሻው ቆመ። ምን አለሽ ተራ መዶሻ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። የግራውም የቀኙም ቀጥቃጭ ብረቱን አስቀምጦ አየኝ።

«የፈለግከውን ውሰድ፤ ካፖርቴን ውሰድ» አልኩት።

«ካፖርትህ ለማን ይሆናል? ጩህና ውሰዳት።»

«አንዴ?»

«ሦስት ጊዜ። አንድ ለእኔ፣ አንድ ለእነዚህ፣ አንድ ለሴትዮዋ።»

ጮኽኩ። ሦስት ጊዜ ጮኽኩ። በሁለተኛው ድምፄ ሲሰበር «እንደዚህ የሚጮኸው የታመመ ውሻ ነው፤ በደንብ ጩህ!» አሉኝና ደገምኩት። ሳቁ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ቀጥቃጩ ጣሳውን አነሣና ሲዲዋን በቅባት ጨርቅ ጠርጎ ሰጠኝ። ሲስቅ እንባው ወርዶ ነበር። አመሰግናለሁ አልኩት፤ ሌላ ምን ይባላል?

ጽሕፈት ቤት ስመለስ ሰዎቹ አልተበተኑም። «ከአልጋው ኋላ ወድቆ አገኘሁት» አልኩ። ባለሙያዋ ተቀበለችኝ፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፣ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ቤትዎ ውስጥ ብረት ይቀጠቀጣል እንዴ?»

በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር እየጠረገች አጠበችው። አስገባችው። ማሽኑ ያጉረመርማል፣ ይቆማል፣ ያጉረመርማል። የዚያ የመጋቢት ሳምንት ሰኞ ገባ። ማክሰኞ ገባ። «የእትዬ መደብ ተመለሰ» አለች፤ መስኮቱ ላይ እልልታ ሆነ። ረቡዕ ገባ። ሐሙስ ላይ ማሽኑ ቆመና ያንን ቀይ ነገር ጻፈ። እንደገና ሞከረች። በሌላ ማጫወቻም ሞከረች። እዚያው ሐሙስ ላይ ይቆማል።

«ሲዲ የሚጻፈው ከመሃል ተነሥቶ ወደ ጠርዝ ነው ጋሼ» አለችኝ። «መሃሉ ደህና ነው። ጠርዙን በልቶታል። ከሐሙስ ወዲያ ያለው አይነበብም፤ እሱ ካልሞላ ደግሞ ሃያ ስምንት አይገባም። ከዚያ በኋላ ያለውም ሁሉ አይገባም።» ዝቅ ብላ፣ ለእኔ ብቻ፣ «የልጅዎ ሠላሳ ስድስት ላይ ነበር አይደል?» አለች።

ነው አልኳት ራሴን ነቅንቄ።

እንግዲህ ያንን ሁሉ ሠርቼ ያዳንኩት ልገድላት የፈለግኳትን ነው። የገደልኩት የራሴን ነው። ሊቀመንበሩ ትከሻዬን መታና «ዘበኛችን ባይኖር ኖሮ!» አለ። ሴትዮዋ በሰው መሃል ሆና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። ከዚያ ሊቀመንበሩ ወደ ባለሙያዋ ዞረ። «አሥራ ሦስት ሳምንት ሙሉ የተመዘገበ ሰው ጠፋ። በየወሩ ሙሉ ቅጂ ማድረግ አይገባሽም ነበር? ሰኞ ዝርዝሩን አስረክቢና እንዳትመለሺ።»

ጠብቄ ነበር፤ «አንተ ነህ የከለከልከኝ፣ ክርስትና ያልከው አንተ ነህ» ትለዋለች ብዬ። ኮሚቴው ሁሉ ሰምቶ የሳቀበት ነገር ነው። አላለችም። ኮሚቴውም ጣሪያ ጣሪያ ያያል። እኔም አየሁ፤ ጣሪያው አንድ ቦታ ዝናብ ያስገባል።

ለጠፉት ስሞች ሕግ ወጣ። ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ያለው እስከ ነገ ቀትር አምጥቶ ይመዝገብ። ደረሰኝ የሌለው የግራና የቀኝ የመደብ ጎረቤቶቹ መጥተው ይመስክሩለት፤ አንዱ ከቀረ አይሆንም። አብዛኛው ደረሰኝ ነበረው። የሌላት ልጄ ነበረች። የቀኝ ጎረቤቷ ቅመም ሻጩ ገና ሳንጠይቀው እመሰክራለሁ አለ። የግራ ጎረቤቷ የጌሾዋ ሴት ናት።

በማግስቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ ቤቷ ሄድኩ። ቀዩ ውሻ በሩ ላይ ታስሮ ተኝቷል። ጆሮውን አንሥቶ አየኝና መልሶ ተኛ። አልጮኸብኝም።

«ይግቡ ጋሼ፣ ይግቡ» እያለች ወጣች። «ልጅዎ ትናንት ማታ ነግራኛለች። ነጠላዬን ልልበስና እንሂድ፤ ምስክር ማለት ምን አለው።» ነጠላውን ከምስማሩ አወረደች። ትከሻዋ ላይ እያደረገች ቆም አለች። «ያን ጊዜ የተናገርኩት ነገር፣ የውሻው፣ አፌ ነው ያመጣብኝ። ያዘንኩበት ጊዜ ነበር። አንድ ቀን ይቅርታ እጠይቃለሁ እያልኩ አፈርኩ። ይኸው እርስዎ ደግሞ በክፉ ቀን ደረሱልኝ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ዝም ብል አልቆ ነበር። ከቤቷ እስከ ጽሕፈት ቤት ሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ሩብ ሰዓት ዝም ማለት ነበር የሚጠበቅብኝ። ስድቧን አምስት ወር ተሸክሜዋለሁ፤ ምስጋናዋን አምስት ደቂቃ መሸከም አቃተኝ። ጽድቅ አይደለም፤ ንስሐም አይደለም። የዚያች ሴት ባለ ዕዳ ሆኜ መሄድ እምቢ አለኝ። አባቴም እንዲህ ነበር፤ የሰው ውለታ ያሳክከው ነበር።

ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት።

«ምንድን ነው?»

«ውሻ ነው።»

«ማን ሳለው?»

«እኔ። የአንቺ ሲዲ ወረቀት ነው። አልጠፋም፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለቁራሌ ሰጥቼው ነበር። የመለስኩትም ልጄ እንደቀረች ሳውቅ ነው እንጂ ለአንቺ ብዬ አይደለም።»

ስዕሉን ረጅም ጊዜ አየችው። ጆሮዎቹን፣ ጅራቱን። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውልቃ ወደ ምስማሩ መለሰችው። ቀስ ብላ ነው የሰቀለችው፤ እንዳይጨማደድ አስተካክላ።

«ያቺ የኮምፒውተሯ ልጅ በአንተ ነው የተባረረችው።»

«በእኔ ነው።»

«ልጅህ ጥፋት የለባትም።»

«የለባትም።»

«አውቃለሁ እንደሌለባት። መደቡ የእሷ እንደሆነም አውቃለሁ፤ ሲያዛውሩላት እዚያው ነበርኩ።» ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ። «መደቡን የሰጧትን ሽማግሌ ከመቃብር አስነሥተህ አምጣ። እሳቸው ይመስክሩላት።»

ልለምናት አፌን ከፈትኩ። ልመና አልወጣም። «መልካም» አልኳትና ወጣሁ።

ከዚያ ሊቀመንበሩ ቤት ሄድኩ። የነገርኳትን ለእሱም ነገርኩት፤ ባለሙያዋ ምንም እንዳላጠፋች፣ መመለስ እንዳለባት። በረንዳው ላይ ጋቢ ለብሶ ሲሰማኝ ቆየ። «እሷን አንዴ አባርሬያታለሁ» አለኝ። «ተሳስቼ ነበር ብዬ ልለምናት? ነገ ደግሞ ኮሚቴው በእኔ ይስቅ? ቁልፉን አምጣ።» ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ መዳፉ ላይ አደረግኩለት። ክሩ አንገቴ ላይ ነጭ መስመር ትቶ ነበር፤ በኋላ ልጄ ናት ያሳየችኝ።

ተራው እሑድ ስለሆነ ጭር ብሏል። ልጄ የክት ልብሷን ለብሳ መደቧ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ቅመም ሻጩም ጎኗ ተቀምጧል፤ ለምስክርነት ብሎ ኮት አድርጓል።

«ትመጣለች?» አለችኝ።

«አትመጣም።»

«ምን ብለሃት ነው?»

ነገርኳት። ከውሻው ጀምሬ እስከ ነጠላው ድረስ ሳላስቀር ነገርኳት። ቅመም ሻጩ መሃል ላይ ተነሥቶ ሄደ። ልጄ አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም። «ዝም ብትልስ ኖሮ አባዬ?» አለች። ያንን ብቻ ነው ያለችው።

ወንፊቶቹን አንድ ላይ ደረደርኩ፤ ሰፌዶቹን ከላይ ደፋሁ፤ በገመድ ሁለት ዙር አሰርኩ። እጄ ቋጠሮውን አልረሳውም። ተንበርክኬ ገመዱን ግንባሬ ላይ አደረግኩ፣ እሷ ከኋላ ደገፍ አደረገችልኝ፣ ተነሣሁ። ሰፌድና ወንፊት ሸክም አይባልም። ወገቤ ግን ጮኸ። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ወደ መሳለሚያ ወጣን።